የበርሊን የጎዳና ሥዕልና አማራጭ የእግር ጉብኝቶቹ

የበርሊን አማራጭ የእግር ጉብኝት በጀርመን ዋና ከተማ የሚካሄድ የጉብኝት ዓይነት ነው። ጎብኚን ከቤተ መንግሥትና ከሙዚየም ይልቅ ወደ ጓሮ ግቢ፣ ወደ ባቡር ድልድይ ሥርና ወደ አሮጌ ፋብሪካ ይወስዳል፤ እዚያም በግድግዳ ላይ የተሣለውን፣ የተጻፈውንና የተለጠፈውን ያስነብባል። “ያስነብባል” የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓይኑ ላልለመደ ሰው የበርሊን ግድግዳ ዝብርቅርቅ ያለ ቀለም ብቻ ነው። ማን በማን ላይ እንደጻፈ፣ የትኛው በፈቃድ የትኛው በሌሊት እንደተሠራ፣ አንዱ ስም ለምን ስድስተኛ ፎቅ ላይ እንደወጣ የሚታወቀው የሚያውቅ ሰው አብሮ ሲሄድ ነው። ጉብኝቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። የተለመደው መነሻ አሌክሳንደርፕላትስ፣ 368 ሜትር የሚረዝመው የቴሌቪዥን ማማ ሥር ነው። ከዚያ በእግር፣ በትራምና በምድር ውስጥ ባቡር ወደ ሚተ፣ ወደ ፍሪድሪክስሃይንና ወደ ክሮይትስበርግ ሰፈሮች ይዘልቃል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግንቡ

ታሪኩ የሚጀምረው ከግንቡ ነው። ምሥራቅ ጀርመን በኦገስት 1961 ምዕራብ በርሊንን ዙሪያዋን ማጠር ጀመረች፤ አጥሩ በጠቅላላው 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። እያደር ተሻሽሎ የቆመው 3.6 ሜትር ከፍታ ያለው ልሙጥ ኮንክሪት ለሠዓሊ የተመቸ ሰሌዳ ሆነ፤ ግን በአንድ ወገኑ ብቻ። በምሥራቅ በኩል ያለው ገጽ ነጭ ነበር፤ ነጭ የተቀባውም ሊያመልጥ የሚሮጥ ሰው ጥላው ጎልቶ እንዲታይ ነው። ወደዚያ የተጠጋ ሰው በጥይት ይመታ ነበር። በምዕራብ በኩል ግን ሰው እስከ ግንቡ ድረስ መጥቶ ሊደገፈው ይችል ነበር። ብዙ ጎብኚ የማያውቀው ነገር ቢኖር ግንቡ ከድንበሩ መስመር ጥቂት ገባ ብሎ የተሠራ መሆኑ ነው። ስለዚህ በምዕራብ በኩል ከግንቡ ፊት ያለው ጠባብ መሬትም የምሥራቅ ጀርመን ነበር። ብሩሽ ይዞ እዚያ የቆመ ወጣት በሕግ ዓይን የሰው አገር ገብቷል፤ ወታደሮችም በግንቡ ላይ ባሉ ትንንሽ በሮች ወጥተው ሊይዙት ይችሉ ነበር።

ሠዓሊው ቲየሪ ኗር ከፈረንሳይዋ ሊዮን በ1982 ወደ ምዕራብ በርሊን መጥቶ ከግንቡ አጠገብ፣ ወጣቶች ገብተው በያዙት አሮጌ ሕንፃ ይኖር ነበር። በኤፕሪል 1984 ከክሪስቶፍ ቡሼ ጋር ሆኖ ግንቡን መቀባት ጀመረ። ቀለሙ ከቤት እድሳት የተረፈ ነበር። የኗር ሥዕል ከጎን የሚታይ ረጅም ፊት፣ ወፍራም ከንፈርና አንድ ትልቅ ዓይን ነው፤ ሁለት ሦስት ቀለም ይበቃዋል። ይህን አሣሣል የወለደው ጥድፊያ ነው፤ ወታደር ከበሩ ብቅ ከማለቱ በፊት ማለቅ ነበረበት። ዛሬ በየሱቁ በስኒና በቦርሳ ላይ ታትሞ የሚሸጠው ያ የዋህ ፊት የፍርሃት ልጅ መሆኑን የሚናገር አስጎብኚ ሥራውን ያውቃል። ሠዓሊው ኪት ሄሪንግም በኦክቶበር 1986 ከኒውዮርክ መጥቶ ቼክፖይንት ቻርሊ በተባለው የድንበር መሻገሪያ አካባቢ በቢጫ መደብ ላይ እጅና እግራቸው የተያያዘ ቀይና ጥቁር ሰዎች ሣለ። ሥራው ወደ 100 ሜትር ይረዝም ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ደረቡበትና ጠፋ።

ግንቡ በኖቬምበር 9 ቀን 1989 ተከፈተ። በቀጣዩ ዓመት በሽፕሬ ወንዝ ዳር የቀረውን ቁራሽ፣ ያንኑ በምሥራቅ በኩል ነጭ የነበረውን ገጽ፣ ከ21 አገሮች የመጡ 118 ሠዓሊዎች ሣሉበት። 1316 ሜትር የሚረዝመው ይህ ሥራ ኢስት ሳይድ ጋለሪ ተብሎ በሴፕቴምበር 28 ቀን 1990 ተመረቀ። በላዩ ካሉት ሥዕሎች ሁሉ ሰው የሚጋፋበት የሩሲያዊው ድሚትሪ ቭሩቤል ሥራ ነው፤ የሶቪየቱ ብሬዥኔቭና የምሥራቅ ጀርመኑ ኤሪክ ሆኔከር ከንፈር ለከንፈር ይሳሳማሉ። ሥዕሉ የተቀዳው ፎቶ አንሺው ሬጂስ ቦሱ በ1979፣ በምሥራቅ ጀርመን 30ኛ ዓመት በዓል ላይ ካነሣው ፎቶ ነው። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ከዚህ ሥዕል ፊት ሲቆም የሚያስበው ነገር ከሌላው ይለያል። ሆኔከር ከዚያ መሳሳም በኋላ በወሩ፣ በኖቬምበር 1979፣ አዲስ አበባ ገብቶ ከመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጋር የወዳጅነትና የትብብር ውል ተፈራርሟል። ምሥራቅ ጀርመን ያበረከተችው የካርል ማርክስ ሐውልትም ዛሬም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ቆሟል። በደርግ ዘመን በምሥራቅ ጀርመን ለተማሩት ኢትዮጵያውያን ደግሞ ሰውዬው የሥዕል ገጸ ባሕርይ አይደለም፤ ፎቶው በየመማሪያ ክፍሉና በየቢሮው ተሰቅሎ ያዩት መሪ ነው።

ዛሬ የሚታየው መሳሳም የ1990ው አይደለም። ዝናብ፣ ብርድና የጎብኚ እስክሪብቶ ሥዕሎቹን ስላበላሻቸው በ2009 ግንቡ ታድሶ ሠዓሊዎቹ የራሳቸውን ሥራ እንደገና እንዲሥሉ ተጠሩ። ቭሩቤል መጥቶ ሣለ፤ አንዳንዶቹ ግን አሻፈረኝ አሉ። ለጎዳና ጥበብ ንጹሕ ቅጂ ያስፈልገዋል ወይ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ከግንቡ ሥር የሚነሣው ከዚህ የተነሣ ነው። በ2013 ደግሞ ለቅንጡ መኖሪያ ሕንፃ መግቢያ ሲባል ከግንቡ ጥቂት ክፍል ሲነቀል ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ተቃውሟል።

ባዶ ሕንፃዎች

ግንቡ ሲወድቅ በምሥራቁ ክፍል ባለቤታቸው ማን እንደሆነ የማይታወቅ ብዙ ሕንፃዎች ባዶ ነበሩ። ወጣቶች ገቡባቸው፤ መብራት ስበው፣ በር አበጅተው ኖሩባቸው፤ ግድግዳውንም እንደፈለጉ ቀቡት። ከሁሉ የታወቀው ታኸለስ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ሆኖ የተሠራውን ይህን ሕንፃ ለመፍረስ ቀን ተቆርጦለት ሳለ በፌብሩዋሪ 1990 አርቲስቶች ገብተው አዳኑት። ከ20 ዓመት በላይ የሥዕል፣ የብረት ቅርጻ ቅርጽና የሙዚቃ ቤት ሆኖ ቆየ። በሴፕቴምበር 2012 የመጨረሻዎቹ አርቲስቶች እንዲወጡ ተደረገ፤ አሁን የታደሰው ሕንፃ የፎቶግራፍ ሙዚየም ይዟል።

በዚያው አካባቢ ሳይታደስ የቀረ አንድ ግቢ አለ፤ ሃውስ ሽቫርትሰንበርግ ይባላል፤ በሮዘንታለር ጎዳና ቁጥር 39። ግራና ቀኙ ያሉት ግቢዎች ታጥበውና ተቀብተው የልብስና የጫማ ሱቅ ሲሆኑ ይህ ልስኑ እንደተላላጠ አለ። ከመንገድ ገብቶ በጠባቡ መተላለፊያ የሚያልፍ ሰው ሁለቱም ጎኑ ከእግሩ እስከ ራሱ በወረቀት ላይ ወረቀት የተለጠፈበት ሆኖ ያገኘዋል። በዚሁ ግቢ ውስጥ ኦቶ ቫይት የተባለው ሰው በናዚ ዘመን ዓይነ ስውራን አይሁድ ሠራተኞቹን ሊሰውር የታገለበት የብሩሽ መሥሪያ ቤት በሙዚየምነት ተጠብቋል። ጂሚ ሲ የተባለው ሠዓሊ በቀለም ነጠብጣብ የሣላት አይሁዳዊቷ ልጅ አኔ ፍራንክም ከግድግዳው ላይ ትመለከታለች። ጠንቃቃ አስጎብኚ እዚህ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የሌሊት ጨዋታና የሞት ታሪክ ግድግዳ የሚጋሩበት ግቢ ነውና።

ግድግዳ እንዴት ይነበባል?

አስጎብኚው መጀመሪያ የሚያስተምረው ፊደል ነው። ታግ በአንድ ትንፋሽ የሚጻፍ የጸሐፊው የቅጽል ስም ፊርማ ነው። ስሮው አፕ ያበጠ፣ በሁለት ቀለም ቶሎ የሚሞላ ፊደል ነው። ፒስ ደግሞ ሰዓታት የሚወስድ፣ ጥላና ጥልቀት ያለው ሥራ ነው። በጸሐፊዎቹ መካከል የከበሬታ ሕግ አለ፤ ፒስ በስሮው አፕ ላይ፣ ስሮው አፕ በታግ ላይ ቢደረብ ይታለፋል። ታግ በፒስ ላይ ከተጻፈ ግን ስድብ ነው፤ ጠብ ያመጣል። ይህን ያወቀ ጎብኚ ከአንድ ግድግዳ ፊት ቆሞ የሰፈሩን ጠብና ዕርቅ መከታተል ይጀምራል።

በበርሊን ደጋግመው የሚታዩ ስሞች አሉ። ዋን ዩፒ የሚባለው ቡድን ስሙን በባቡር፣ በጣራና በድልድይ ላይ በትልልቁ ይጽፋል፤ የአባላቱ ማንነት ድብቅ ነው። በርሊን ኪድስ የሚባሉት ደግሞ ከጣራ በገመድ ተንጠልጥለው ከላይ ወደ ታች በቀይና በሰማያዊ የሚወርዱ ቀጫጭን ፊደላት ይጽፋሉ። ይህን አጻጻፍ የቀሰሙት ከብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ነው። ከሥር ቆሞ አንጋጦ የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “እንዴት ወጡ?” ብሎ ነው፤ እነሱም የሚፈልጉት ይህንኑ ጥያቄ ይመስላል። በየተጣለው ፍራሽና ጣውላ ላይ በብሩሽ “6” ቁጥርን የሚጽፍ፣ በብስክሌት የሚዞር ጎልማሳም የከተማዋ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ወረቀት ለጣፊዎቹ ሌላ ወገን ናቸው። ሥዕሉ ቤት ውስጥ ተሠርቶ፣ ተቆርጦ፣ በግድግዳ ወረቀት ሙጫ በደቂቃ ይለጠፋል። ኤል ቦቾ የተባለው አርቲስት ሉሲ የምትባል ትንሽ ልጅ አለችው። ከድሮ የቼኮዝሎቫኪያ የልጆች ፊልም ተነሥታ በእሱ እጅ በየግድግዳው ድመቷን በልዩ ልዩ መንገድ የምትገድል ጉድ ሆናለች። ከሁሉ የሚገርመው ግን የሊንዳ ነገር ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በፍሪድሪክስሃይን ግድግዳዎች ላይ ያዘነ ወንድ ፊት ያለባቸው ወረቀቶች ታዩ፤ ሰውየው ሊንዳ የምትባል የተለየችው ፍቅረኛው እንድትመለስ ይለምናል። ሌላ ሳምንት ሌላ ልመና ይለጠፋል። የሰፈሩ ሰው ወገን ለየ፤ የሚያዝንለት አለ፣ ሊንዳን ተዋት ብሎ አጠገቡ የሚጽፍለትም አለ። በመጨረሻ ሠዓሊው ሮላንድ ብሩክነር ሊንዳ የምትባል ሴት እንደሌለች፣ ነገሩ ሁሉ የእሱ ፈጠራ እንደሆነ ተናገረ። ወረቀቶቹ ዛሬ የሉም። ታሪኩ የሚኖረው በሚተርከው ሰው አፍ ላይ ነው። የዚህ ጉብኝት ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ይገለጣል፤ ሥራው ሲጠፋ መዝገቡ አስጎብኚው ነው።

ክሮይትስበርግና ጥቁሩ ግድግዳ

ሰፋፊዎቹ ሥዕሎች ያሉት በክሮይትስበርግ ነው። በ2003 የተጀመረው ባክጃምፕስ የተባለው የኤግዚቢሽን ተከታታይ ከየአገሩ ሠዓሊዎችን ጋብዞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጎረቤታቸው ፈርሶ ባዶ የቀሩ የሕንፃ ጎኖችን ሰጣቸው። የብራዚል መንትያ ወንድማማቾች ኦስ ጄሜዎስ በ2005 ቢጫ ሰውዬ ሣሉ። በ2007 ቪክቶር አሽ 22 በ14 ሜትር የሆነ ጥቁር ጠፈርተኛ ሣለ። አስጎብኚዎች እንደሚሉት ሌሊት መብራት ሲበራ የአንድ ባንዲራ እንጨት ጥላ እየሄደ ከጠፈርተኛው እጅ ይደርስና ባንዲራ የሚተክል ያስመስለው ነበር። በዚያው ዓመት ጣሊያናዊው ሠዓሊ ብሉ ከኦበርባውም ድልድይ አጠገብ ሰውነቱ ከብዙ መቶ ትንንሽ ራቁት ሰዎች የተሠራ ሮዝ ግዙፍ ፍጡር ሣለ፤ ፍጡሩ አንድ የተለየ ነጭ ሰው በጣቱ ይዞ ሊውጠው ይመስላል። በቅርብ ሲታይ ትንንሾቹ ሰዎች እርስ በርስ ተጣብቀው፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ ጨብጦ ነው ያሉት፤ መደቡ ሥጋ ይመስላል። ጎብኚ መጀመሪያ ከርቀት ይስቃል፤ ሲቀርብ ዝም ይላል።

የብሉ ሌሎች ሁለት ሥራዎች ከዚህ ጥቂት ደቂቃ በእግር በሚያስኬደው በኩቭሪ ጎዳና ነበሩ። አንደኛው ከፈረንሳዩ አርቲስት ጄአር ጋር በ2007 የተሠራው ነው፤ አንዱ ተገልብጦ የተሣለ ሁለት ሰው አንዱ የሌላውን ጭምብል ይገፋል፣ በጣቶቻቸውም የምሥራቅና የምዕራብን ምልክት ያሳያሉ። ሁለተኛው ራስ የሌለው፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ነው፤ በሁለት እጆቹ ያሉት የወርቅ ሰዓቶች በሰንሰለት ተያይዘው እጀ ሙቅ ሆነውበታል፤ እሱ ግን ክራቫቱን ያስተካክላል። ፊታቸው ያለው ክፍት ሜዳ ቤት የሌላቸው ሰዎች ድንኳን የተከሉበት ነበር። የሥዕሎቹ ፎቶ ዓለምን ዞረ፤ በፖስት ካርድ፣ በጉብኝት መጽሐፍና በማስታወቂያ ወጣ። ከዚያ በሴፕቴምበር 2014 በሜዳው እሳት ተነሣና ሰፋሪዎቹ እንዲወጡ ተደረገ፤ ቦታው ለግንባታ ታጠረ።

በዲሴምበር 2014 አንድ ሌሊት ሰዎች በማንሻ መድረክ ወጥተው ሁለቱንም ሥዕሎች ከዳር እስከ ዳር በጥቁር ቀለም ቀቧቸው። ጠዋት የነቃው ሰፈር ግንባታውን የያዘው ባለሀብት አስጠፋቸው ብሎ ተናደደ። ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያጠፋቸው ብሉ ራሱ ከጓደኞቹ ጋር ተስማምቶ ነው። ሥዕሎቹ ሲጀመሩ አብሮ የነበረው ሉትስ ሄንከ ምክንያቱን በጋዜጣ ጽፎ አስረዳ። ከተማዋ አርቲስቶችን በቤት ኪራይ እያባረረች የሠሩትን ሥዕል ለማስታወቂያ ትጠቀምበታለች፤ አዲስ የሚሠራውም ቤት ሥዕሉን በመስኮት እያሳየ በውድ ይሸጣል፤ እኛ የዚህ ጌጥ አንሆንም የሚል ነው የጽሑፉ መንፈስ። ይህ በጎዳና ጥበብ ታሪክ ውስጥ ከታዩት ድርጊቶች ሁሉ እጅግ ግልጹ ሊሆን ይችላል፤ የሥዕሉን ዋጋ የጨመረው ሰው ራሱ ዋጋውን ወሰደው።

አሁን በቦታው የቢሮ ሕንፃ ቆሟል። ቢሆንም ብዙ አስጎብኚዎች ቡድናቸውን እዚያ ያቆማሉ። የሚታይ የለም፤ ስልካቸውን አውጥተው ወይም በላስቲክ የታሸገ ፎቶ ከቦርሳቸው መዝዘው እያዞሩ ያሳያሉ። ሰው ፎቶውን ይቀበላል፣ ሕንፃውን ያያል፣ ተመልሶ ፎቶውን ያያል። ከሁሉም ማቆሚያ የበለጠ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ሕጉ

እስከ 2005 ድረስ በጀርመን ሕግ ግድግዳ ላይ የሣለን ሰው ለመቅጣት የግድግዳው አካል መጎዳቱን ማስረዳት ያስፈልግ ነበር፤ ብዙ ክስ በዚህ ይወድቅ ነበር። በዚያ ዓመት ሕጉ ተሻሽሎ መልክን መለወጥ ብቻውን፣ ቀላል ወይም ጊዜያዊ ካልሆነ በስተቀር፣ ወንጀል ሆነ፤ ቅጣቱ የገንዘብ ወይም እስከ ሁለት ዓመት እስራት ነው። በዚያው ወቅት ፖሊስ ሙቀት በሚለይ ካሜራ በሄሊኮፕተር ሆኖ በሌሊት ጸሐፊዎችን እስከ መፈለግ ደርሷል። በወረቀት መለጠፍ በበርሊን የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ወረቀት ይላጣል፣ ጣጣውም ብዙውን ጊዜ ይቀላል። ለጎብኚ ቀለም የሚያስይዙ ጉብኝቶች ስለዚህ የሚያበቁት በወርክሾፕ ነው፤ ተሳታፊው ስቴንስል ቆርጦ፣ ጭምብል አድርጎ፣ በሸራ ላይ ይረጫል፤ ሸራውን ጠቅልሎ ቤቱ ይወስዳል።

ገንዘቡና ሰፈሩ

ብዙዎቹ ጉብኝቶች ያለ ቁርጥ ዋጋ ይጀመራሉ፤ ተሳታፊው በመጨረሻ የወደደውን ያህል ጉርሻ ይሰጣል። በ2000ዎቹ በበርሊን ሥር ሰድዶ ወደ ሌሎች የአውሮፓ ከተሞች የተዛመተው ይህ አሠራር ወጣት ተጓዥን ስቧል፤ የአስጎብኚውን የዕለት ገቢ ግን በሰው ፈቃድ ላይ ጥሎታል። የተለየ መንገድ የያዙም አሉ። ኩቨርሽታትአይን የተባለው ማኅበር ከ2013 ጀምሮ የጎዳና ሕይወትን የኖሩ ሰዎች ራሳቸው የሚመሩት ጉብኝት ያካሂዳል፤ ከድልድይ ሥር ያለውን ግድግዳ እንደ ሥዕል ሰሌዳ ሳይሆን እንደ መኝታ ቤት የሚያውቅ ሰው ሲያስረዳው መስማት ሌላ ነገር ነው።

ሥዕል ሰፈሩን ያስወድዳል የሚለው ወቀሳ ከጉብኝቶቹም ደጃፍ ደርሷል። ኪራይ በበርሊን የፖለቲካ ሁሉ እምብርት ነው፤ በሴፕቴምበር 2021 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ አብዛኛው መራጭ የትልልቅ አከራይ ኩባንያዎች ቤቶች ወደ ሕዝብ ይዞታ እንዲዛወሩ ደግፏል። ከዚህ ጋር የሚነሣው ኡርባን ኔሽን ነው፤ በሴፕቴምበር 2017 በቡሎቭ ጎዳና ቁጥር 7 የተከፈተው የጎዳና ጥበብ ሙዚየም። መግቢያው ነጻ ነው፤ በአካባቢው ያሉ ሕንፃዎችንም በትልልቅ ሥዕሎች አስውቧል። ያቋቋመው ግን የአንድ ቤት አከራይ ድርጅት ፋውንዴሽን ነው። ድርጅቱ የከተማዋ ንብረት ቢሆንም ብሉ የሸሸው ይህንኑ ጋብቻ ነበር የሚሉ ተቺዎች አልታጡም። ወቀሳው ሙሉ በሙሉ ተገቢ አይደለም፤ ሠዓሊ በቀን፣ በክፍያና ያለ ፍርሃት መሥራቱ ነውር የለበትም። ሆኖም በሙዚየሙ ውስጥ ያለው ሥራ ከአካባቢው ተነቅሎ ነው የሚታየው፤ ጎኑ ላይ የሚሳደብ ታግ የለውም።

ከመሃል ከተማው ወጣ ብሎ በጦርነቱ ፍርስራሽ ክምር በተሠራው በቶይፍልስበርግ ኮረብታ ላይ ያለው የቀድሞ የአሜሪካና የእንግሊዝ የስለላ ጣቢያም ዛሬ በክፍያ የሚገባበት የሥዕል ቦታ ነው።

ማውወርፓርክ

ብዙ ጉብኝት የማይደርስበት፣ ጊዜ ያለው ሰው ግን ሊያልፈው የማይገባ ቦታ ማውወርፓርክ ነው። በዳገቱ አናት ላይ ከቀድሞው የድንበር አጥር የቀረ ረጅም ግድግዳ አለ፤ ማንም መጥቶ ይሥላል፣ የሚከለክለው የለም። በሜይ 2020 ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ በተገደለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኢሜ ፍሪቲንከር የተባለው ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጣ ሠዓሊ የፍሎይድን ፊት እዚህ ሥሏል። እሑድ ከሰዓት በኋላ በቀለም ጣሳው ውስጥ ያለው ኳስ ሲንቀጫቀጭና ቀለሙ ሲረጭ ከሩቅ ይሰማል፤ ሽታው ከዳገቱ በታች ይደርሳል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅና ፀጉሩ የሸበተ ሰው ጎን ለጎን ይሥላሉ፤ ከኋላቸው የቆመ ሌላ ሰው ሥዕላቸው እስኪያልቅና ፎቶ እስኪነሣ ጠብቆ በላዩ ለመሣል ሮለሩን ያርሳል። ከግድግዳው ሥር በሣሩ መካከል ከራሱ ክብደት የተነሣ የተገነጠለ የቀለም ቅርፊት ወድቆ ይገኛል። ውፍረቱ አንድ ጣት ይሆናል፤ ጎኑ በቢላ ቢቆረጥ ቀይ፣ ብር፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ እንደገና ብር፣ ጥቁር እየተባለ እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ ይታያል።